ቃሉን የጻፈው ማን ነው?

ከሥራ ስወጣ አንዳንዴ ላድብሮክ ግሮቭ ጣቢያ ላይ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ። ምዕራብ ለንደንን የሚያውቅ ሐበሻ ሰፈሩን ያውቀዋል። የፖርቶቤሎ ገበያ ቅርብ ነው። ባቡሩ ድልድይ ላይ ሆኖ ከቤቶቹ መስኮት እኩል እየተንጓጓ ያልፋል። ከጣቢያው ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ የጠፋ መንገድ አለ። ሪሊንግተን ፕሌስ ይባል ነበር። 1954 ላይ ስሙን ቀየሩት። 1970 ገደማ ደግሞ ቤቶቹን አፈረሷቸው። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) አሁን ቦታው ላይ ያለው ሌላ ቤት፣ ሌላ አጥር፣ ሌላ የመንገድ ስም ነው። የሚያውቅ ሰው ካልነገራችሁ ዝም ብላችሁ ታልፉታላችሁ።

እኔ ማለፍ አልሆነልኝም። ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት እየሄድኩ በአማርኛ የተባለውን በእንግሊዝኛ፣ በእንግሊዝኛ የተባለውን በአማርኛ እላለሁ። ስለ ሪሊንግተን ፕሌስ 10 ቁጥር መጀመሪያ የሰማሁት የአስተርጓሚነት ሥልጠና ላይ ነው። አሠልጣኛችን እዚያ ቤት ሴቶችን ስለገደለው ሰው ብዙም አላወራችም። ያወራችን ማንበብ ስለማይችል አንድ ልጅና ስለ ፈረመው ወረቀት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉዳዩ ከልቤ አልወጣም።

ብሪታንያ ውስጥ የነፍሰ ገዳይ ወሬ ማለቂያ የለውም። በቴሌቪዥን አለ፣ በፖድካስት አለ፣ ባቡር ውስጥ ሰው በጆሮው ይሰማዋል። ኋይትቻፕል ላይ በ1888 ሴቶችን ያረደውን፣ እስከ ዛሬ ማንነቱ ያልታወቀውን ሰው ዱካ እየተከተሉ ቱሪስት የሚያስጎበኙ አሉ። እኔም ወሬው ይስበኛል። አይስበኝም ብል ዋሸሁ። ግን ብዙ ባነበብኩ ቁጥር ከገዳዩ ይልቅ ሌላ ነገር ያሳስበኝ ጀመር። ማን ተሰማ? ማን ሳይሰማ ቀረ? የተባለውንስ ማን ጻፈው?

ማንበብ የማይችለው ያ ልጅ ቲሞቲ ኢቫንስ ይባላል፤ ዌልሳዊ ነው። 1924 ላይ መርዘር ቬል በምትባል የድንጋይ ከሰል መንደር ተወለደ። በልጅነቱ እግሩ ላይ የወጣ ቁስል አልድን ብሎት ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ሲንከራተት ትምህርቱ ቀረ። ካደገም በኋላ ከስሙ አልፎ መጻፍና ማንበብ እምብዛም አይችልም ነበር። ሥራው የዕቃ መኪና መንዳት ነበር። ወሬ ይወዳል። ያጋንናል። መጠጥ ቤት ተቀምጦ ያልሆነውን ሆንኩ ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ሁላችንም ሰፈር አለ፤ ማንም ክፉ አይለውም፣ ማንም አያምነውም። 1947 ላይ ቤረልን አገባ። በዓመቱ የ10 ቁጥርን ላይኛ ፎቅ ተከራዩ። በዚያው ዓመት ጄራልዲን ተወለደች።

ቤቱ መታጠቢያ የለውም። ለተከራይ ሁሉ ያለው ጓሮ ያለ አንድ ሽንት ቤት ነው። ምድር ቤቱን የያዘው ጆን ክሪስቲ ነው፣ ከሚስቱ ከኤቴል ጋር። ዕድሜው ወደ 50 ይጠጋል። መነጽር ያደርጋል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ይናገራል። አንደኛውን የዓለም ጦርነት የዘመተ፣ በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ ተጠባባቂ ፖሊስ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። ቀደም ሲል በስርቆትና ሴት በመደብደብ ታስሮ ነበር። ፖሊስ ሲቀጥረው ይህን አላጣራም። ኢቫንሶች ዕቃቸውን ይዘው ሲገቡ ጓሮው ውስጥ ሁለት ሴቶች ተቀብረው ነበር። አንዷ ሩት ፉርስት ናት፣ ከኦስትሪያ የመጣች ወጣት። ሌላዋ ሙሪየል ኤዲ ናት። ፉርስትን 1943 ላይ ሲገድላት ገና ፖሊስ ነበር።

1949 ላይ ቤረል ሁለተኛ ልጅ አረገዘች። ገንዘብ የለም፣ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ አለ። ጽንሱን ማቋረጥ ፈለገች። ያኔ ይህ በሕግ የተከለከለ ነበር፤ ሕጉ የተቀየረው በ1967 ነው። ኢቫንስ በኋላ እንዳለው፣ «እኔ የሕክምና ነገር አውቃለሁ» ያለው ክሪስቲ ነው። ቤረል ኅዳር ላይ ሞተች። ክሪስቲ ለኢቫንስ ነገሩ ተበላሽቶ ነው አለው። ፖሊስ ቢሰማ ሁለታችንም እንታሰራለን አለው። ሕፃኗን ኢስት አክተን ያሉ ባልና ሚስት ያሳድጓታል አለው። ኢቫንስ የቤት ዕቃውን ሸጦ ወደ ዌልስ፣ ወደ አክስቱ ሄደ። ግን አልቻለም። ኅዳር 30 ቀን 1949 መርዘር ቲድፊል ፖሊስ ጣቢያ በገዛ እግሩ ገባ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሌ የማነበው እንደ አስተርጓሚ ነው።

በመጀመሪያ ቃሉ የክሪስቲን ስም አላነሳም። ሊከላከልለት ነው። ሚስቴ ጽንስ ለማስወረድ የሆነ ነገር ጠጥታ ሞተች፣ አስከሬኗን ደጃፍ ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ከተትኩ አለ። የለንደን ፖሊስ ሄዶ የጉድጓዱን ክዳን ለማንሳት ሦስት ሰው አስፈለገ። ውስጡ ምንም የለም። ኢቫንስ ብቻውን አንስቶት ሊሆን አይችልም። ያኔ ሁለተኛ ቃል ሰጠ፤ ክሪስቲ ነው አለ። ታኅሣሥ 2 ቀን ፖሊስ ጓሮ ካለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የቤረልንና የጄራልዲንን አስከሬን አገኘ። ሕፃኗ አንገት ላይ ክራቫት ታስሮ ነበር። አንድ ዓመት ከአንድ ወሯ ነው።

ኢቫንስን ወደ ለንደን አምጥተው ኖቲንግ ሂል ፖሊስ ጣቢያ አስገቡት። የሚስቱንና የልጁን ልብስ፣ ክራቫቱንም ከላይ አድርገው አሳዩት። አንተ ነህ ወይ ብለው ጠየቁት። «አዎ» አለ።

ልጄ መሞቷን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው ብሏል በኋላ ፍርድ ቤት ሲቆም። ታች ወስደው ይደበድቡኛል ብዬ ፈርቼ ነበርም ብሏል። ማንም አልሰማውም። አዎ ብሏላ!

እዚች «አዎ» ላይ ቆም ልበል። እኔ ኑሮዬን የምገፋው «አዎ» እና «እሺ» የሚሉ ሰዎችን በማስተርጎም ነው። በእኛ ቋንቋ «እሺ» ማለት ሁልጊዜ «እስማማለሁ» ማለት አይደለም። «ሰምቻለሁ» ማለት ነው። «አላስቸግርዎት» ማለት ነው። አንዳንዴ «በቃ ይለፈኝ» ማለት ነው። ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን የምንላት «ህእ» ደግሞ አለች። አዎ ማለታችን ነው። በቴፕ ስትሰማ ግን የደነገጠ ሰው ትመስላለች። ለእንግሊዛዊ መርማሪ ይህን አንድ በአንድ መንገር አለብኝ። ካልነገርኩ እሱ በልቡ «ጥያቄውን ስጠይቀው ደነገጠ» ብሎ ይይዛል።

እኔ ራሴ እዚህ አገር በመጣሁበት ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ጠርተውኝ ሄድኩ። የተጠየቅሁት ግማሹ አልገባኝም። ሴትዮዋ ደግ ነበረች፣ እንዳላስቸግራት ብዬ ለሁሉም እሺ እሺ አልኩ። ፈርሜ ወጣሁ። በኋላ የሚያነብልኝ ሰው ሳገኝ ወረቀቱ ላይ ያለው ሕይወት የእኔ አይደለም። ያልኖርኩበት አድራሻ አለ፣ ያልተናገርኩት ነገር አለ። ለማስተካከል ስምንት ወር ፈጀብኝ። በእኔ የደረሰው ይኼው ነው፤ ስምንት ወር። እኔን የከሰሰኝ ሰው አልነበረም። ልጄ አልሞተችብኝም።

የኢቫንስ ፍርድ ጥር 1950 ላይ ኦልድ ቤይሊ በሚባለው የለንደን ወንጀል ፍርድ ቤት ታየ። ሦስት ቀን ብቻ ፈጀ። የተፈረደበት ሕፃኗን በመግደል ነው። የዐቃቤ ሕግ ዋና ምስክር ክሪስቲ ነበር። ረጋ ብሎ ቆመ፣ ዝቅ ባለ ድምፁ መለሰ። የድሮ እስራቱ ተነሳበት፤ ግን ብዙ ዓመት በሰላም የኖረ፣ ለአገሩ የቆሰለ፣ ፖሊስ የነበረ ሰው ነው ተባለ። ኢቫንስስ? ሦስት ጊዜ ቃሉን የለዋወጠ ውሸታም። ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱት ሰዎች፣ 40 ደቂቃ ተማክሮ ጥፋተኛ አለው። መጋቢት 9 ቀን ፔንተንቪል እስር ቤት ተሰቀለ። 25 ዓመቱ ነበር። እናቱ ስትጠይቀው እስከ መጨረሻው የሚላት አንድ ነገር ነው። «ክሪስቲ ነው ያደረገው።»

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሳስበው ደሜ ይፈላል። በዚያ ሰሞን ቤቱን የሚጠግኑ ሠራተኞች የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ሲገቡና ሲወጡ ነበር። አስከሬን አለ በተባለበት ጊዜ እዚያ ምንም አላየንም ብለው ቃል ሰጥተው ነበር። ፖሊስ መልሶ ጠራቸው፤ ቃላቸው ተለወጠ። ጁሪው የመጀመሪያ ቃላቸውን አልሰማም። ጓሮውም ተፈትሾ ነበር። የአትክልት መደገፊያውን እንጨት ያቆመው የሰው የጭን አጥንት ነበር። ፈታሾቹ አዩት፣ አላዩትም፤ አለፉት።

ክሪስቲ እዚያው ቤት መኖሩን ቀጠለ። 1952 ታኅሣሥ ላይ ሚስቱን ኤቴልን ገድሎ ከወለሉ ጣውላ ሥር ቀበራት። ከዚያ በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ሴቶች ገደለ። ካትሊን ማሎኒ፣ ሪታ ኔልሰን፣ ሄክቶሪና ማክሌናን። ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ባለ ጉድጓዳ ቦታ ከትቶ በወረቀት ለጠፈባቸው። ቤቱን ጥሎ ወጣ።

ያገኛቸው ፖሊስ አይደለም። በዚያን ጊዜ ቤቱን የገዛው ከጃማይካ የመጣ ሰው ነበር፤ ፎቆቹን የተከራዩት ደግሞ አብዛኞቹ ከካሪቢያን የመጡ ጥቁሮች ነበሩ። ማንም ቤት የማያከራያቸው ሰዎች ያ ቤት ደረሳቸው። ከተከራዮቹ አንዱ፣ ቤረስፎርድ ብራውን፣ መጋቢት 24 ቀን 1953 ለሬዲዮኑ ማስቀመጫ የሚሆን መደርደሪያ ሊሰቅል ግድግዳውን መታ መታ አደረገ። ባዶ ድምፅ ሰጠው። ወረቀቱን ቀደደ፣ በባትሪ አየ። ስደተኛ ሆኖ በተከራየው ቤት ለሬዲዮ ብሎ ግድግዳ የነካ ሰው ነው፣ የአንድን አገር ፍርድ ስህተት የገለጠው። እዚያ ሰፈር ስሄድ ከሁሉ በፊት የማስበው እሱን ነው።

ክሪስቲ በሳምንቱ ፐትኒ ድልድይ አጠገብ ተያዘ። ቤረልንም የገደልኳት እኔ ነኝ አለ። ሐምሌ 15 ቀን እዚያው ፔንተንቪል ተሰቀለ። ኢቫንስን የሰቀለው አልበርት ፒየርፖይንት ነው እሱንም የሰቀለው።

አሁን ሰው እንግዲህ ኢቫንስ ነፃ ነው ይባላል ብሎ ይጠብቃል። አልተባለም። በዚያው ዓመት በጥድፊያ የተደረገው ምርመራ ኢቫንስ ጥፋተኛ ነው አለ። አንድ ቤት፣ ሁለት አንቆ ገዳዮች፣ አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቅ! ከ13 ዓመት በኋላ የተደረገው ሁለተኛ ምርመራ ደግሞ ሕፃኗን አልገደለም፣ ሚስቱን ግን ሳይገድል አይቀርም አለ። የተሰቀለው በሕፃኗ ነውና 1966 ላይ የሙት ምሕረት ተሰጠው። 2004 ላይ ዳኞች ሁለቱንም አለመግደሉን ተቀበሉ፤ ፍርዱን በሥርዓቱ የማስሻሩ ወጪ ግን አያዋጣም አሉ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያማኛል። እናትየው፣ እህቶቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለፍተዋል።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። 1968 ላይ ያን ስቫርትቪክ የሚባል ስዊድናዊ የቋንቋ ምሁር ኢቫንስ ሰጠ የተባለውን ቃል ቁጭ ብሎ ሰዋስው በሰዋስው መረመረው። ወንጀሉን የሚያምንባቸው ክፍሎች አነጋገራቸው ከሌላው የኢቫንስ አነጋገር ይለያል። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ቋንቋ አለ። አንዱ የመኪና ነጂ ነው፣ ሌላው የጽሕፈት ቤት ነው። ዛሬ ቋንቋን ለፍርድ ሥራ የሚመረምረው የትምህርት ዘርፍ ስሙን ያገኘው ከዚያ ጥናት ነው።

ይህን ስሰማ አጎቴ ትዝ አለኝ። ደሴ ፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ የጽሕፈት መኪናውን ጭኑ ላይ አድርጎ የሚውል ራፖር ጸሐፊ ነበር። ባላገር መጥቶ እያለቀሰ «በሬዬን ነዳብኝ፣ ከዚያማ ተከተልኩት፣ በዱላ አለኝ» ይለዋል። አጎቴ ይጽፋል፦ «እኔ አመልካች ወደ ስፍራው ባመራሁበት ወቅት ተከሳሹ ጉዳት አድርሶብኛል።» ማን ነው በሕይወቱ «አመራሁ» የሚለው? ወደ ሱቅ አመራሁ ብሎ የሚያወራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ግን ፍርድ ቤት የሚሰማው እንደዚያ ሲጻፍ ነው። አጎቴ ግን አንድ ነገር ነበረው። ጽፎ ሲጨርስ ሁለት ጊዜ ያነብለታል። «ይኼ አንተ ነህ?» ይለዋል። ሰውዬው «አይ ጋሼ፣ ይኼስ እኔን አይደለም» ካለ ወረቀቱን ከነካርቦኑ ቀድዶ እንደገና ይጀምራል። የወረቀት ዋጋ በራሱ ነው። ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩና ለምን እንደሚቀድ አይገባኝም ነበር።

ከኢቫንስ ወደ ዴሪክ ቤንትሊ መሻገር ለእኔ አንድ እርምጃ ነው። ኅዳር 2 ቀን 1952 ክሮይደን ውስጥ ሁለት ልጆች መጋዘን ጣራ ላይ ወጡ፣ ሊሰርቁ። ክሪስቶፈር ክሬግ 16 ዓመቱ ነው፣ ሽጉጥ ይዟል። ቤንትሊ 19 ዓመቱ ነው። የሚጥል በሽታ አለበት፣ ማንበብ አይችልም፣ አእምሮው የ11 ዓመት ልጅ ነው ተብሏል። ፖሊስ መጣ። ፍሬድሪክ ፌርፋክስ የሚባል መርማሪ ቤንትሊን ያዘው። ክሬግ ተኩሶ ፌርፋክስን ትከሻው ላይ አቆሰለው። ቆይቶ ሲድኒ ማይልስ የሚባል ፖሊስ ወደ ጣራው ሲወጣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። ያን ጊዜ ቤንትሊ ከተያዘ ሩብ ሰዓት ያህል ሆኖታል።

ፖሊሶቹ ቤንትሊ ክሬግን አንድ ነገር ሲለው ሰማን አሉ። ያን ነገር በአማርኛ ስመልሰው አንድ ቃል ይወጣኛል። «ስጠው!»

እስቲ ሁለት ጊዜ በሉት። ፖሊሱ ሽጉጡን አምጣ እያለ እጁን ዘርግቷል። ስጠው፤ ሽጉጡን ስጠው፣ ይብቃ። ወይም ደግሞ በሰፈር ቋንቋ፣ ጠብ ሲነሳ ከዳር ቆሞ የሚጮኸው ልጅ እንደሚለው፤ ስጠው! አቅምሰው! የእንግሊዝኛውም አነጋገር ልክ እንደዚህ ሁለት ፊት አለው። እኛ ሰምና ወርቅ ስንማር ያደግን ሰዎች ነን። ኅብረ ቃል ምን እንደሆነ አስተማሪ አያስፈልገንም። ቅኔ ውስጥ ሲሆን እጅ ያስጨበጭባል። እዚህ ግን ሰምን ትቶ ወርቅ ነው ያለውን የመረጠው ዐቃቤ ሕግ ነው፣ የመረጠውም ልጁን የሚያሰቅለውን ነው። ክሬግም ቤንትሊም ያ ቃል ጨርሶ አልተባለም ብለው ምለዋል።

የገደለው ክሬግ ለስቅላት ዕድሜው አልደረሰም። ታሰረ፣ 1963 ላይ ተፈታ። ያልተኮሰው ቤንትሊ ተፈረደበት። ጁሪው ምሕረት ይደረግለት ብሎ ነበር። ከ200 በላይ የፓርላማ አባላት ፈርመው ነበር። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ እምቢ አለ። ጥር 28 ቀን 1953 ዎንድስወርዝ እስር ቤት ተሰቀለ። ፒየርፖይንት ነው፣ እንደገና። ክሪስቲ በዚያን ዕለት ሪሊንግተን ፕሌስ ውስጥ ነበር።

ቤንትሊም ቃል ሰጥቷል ተብሎ ወረቀት ቀርቦበታል። ፖሊሶቹ እኛ ምንም አልጠየቅነውም፣ እሱ እየተናገረ እኛ ጻፍን ብለው ማሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ የበርሚንግሃሙ የቋንቋ ምሁር ማልኮም ኩልታርድ ወረቀቱን መረመረ። 582 ቃል ነው። «ከዚያ» የሚለው ቃል 10 ጊዜ ይገኝበታል። ተራ ሰዎች በሰጡት ቃል ውስጥ ሲቆጥር በ930 ቃል ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያገኘው። የፖሊሶች ጽሑፍ ውስጥ ግን ሞልቷል። አቀማመጡም ይለያል። ተራ እንግሊዛዊ «ከዚያ እኔ» ይላል፤ የቤንትሊ ወረቀት «እኔ ከዚያ» ይላል። በአማርኛ ብዙ አይታይም። በእንግሊዝኛ ግን የእኛው «አመራሁ» ነው። ማንበብ የማይችል ልጅ «ወደ ስፍራው አመራሁ» አለ ተብሎ ተጽፎበታል፣ በዚያ ተሰቅሏል።

እህቱ አይሪስ ለፍታ ለፍታ ፍርዱ ሳይሻር 1997 ላይ ሞተች። በዓመቱ፣ ሐምሌ 1998፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጥፋተኝነቱን ሻረ። 45 ዓመት ከስድስት ወር ነው። የሻሩት ዳኛ የያዙት ወንበር ያኔ የፈረዱት ዳኛ ይዘውት የነበረው ነው። መቃብሩ ድንጋይ ላይ የብሪታንያ ፍትሕ ሰለባ ተብሎ ተጽፏል።

አንዳንድ ሰው ይህ የድሮ ነገር ነው ይለኛል። ስቅላት 1965 ላይ ቀርቷል፣ ምን ታነሻለሽ? እኔ ደግሞ የዮርክሸሩን ነገር አነሳለሁ። ፒተር ሰትክሊፍ በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሸር ውስጥ ያለችው የብራድፎርድ ሰው ነው፣ የጭነት መኪና ሹፌር። 13 ሴቶች ገድሏል። 1979 ላይ ለፖሊስ በፖስታ አንድ ካሴት መጣ። ገዳዩ እኔ ነኝ የሚል የወንድ ድምፅ ነው። አነጋገሩ የዮርክሸር አይደለም፣ የሰሜን ምሥራቁ የሰንደርላንድ ነው። ፖሊስ አመነው። ሕዝቡ ስልክ ደውሎ እንዲሰማው አደረገ። ከዚያ በኋላ አነጋገሩ የሰንደርላንድ ያልሆነ ሰው ከጥርጣሬ እየወጣ ሄደ። ሰትክሊፍን ዘጠኝ ጊዜ አነጋግረውታል፣ ዘጠኝ ጊዜ ለቀውታል። ድምፁን የመረመሩት የሊድስ የቋንቋ ምሁራን ይህ አጭበርባሪ ሊሆን ይችላል ብለው አስጠንቅቀው ነበር። ከሞት የተረፉ ሴቶችም አነጋገሩ የዚሁ የእኛ አገር ነው ብለው ነበር። ማን ይስማቸው? ካሴቱ ከመጣ በኋላ ሦስት ሴቶች ተገደሉ። ከመካከላቸው ተማሪዎች አሉ። በካሴቱ የዋሸው ሰው የተያዘው ከ26 ዓመት በኋላ ነው።

የማይታወቅ ሰው በካሴት የላከው ውሸት ተሰማ። ፊት ለፊት ቁጭ ብላ፣ ጭንቅላቷ ተፈንክቶ የተረፈች ሴት ያለችው አልተሰማም። ክሪስቲ ተሰማ። ኢቫንስ አልተሰማም።

ዛሬ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፣ ይህን አልክድም። ከ1984ቱ የፖሊስ ሕግ ወዲህ ቃለ መጠይቅ ይቀዳል። ጠበቃ አለ፣ አስተርጓሚ አለ። ሲጀመር ፖሊሱ 37 ቃል ያላት ማስጠንቀቂያ ያነባል። መናገር አይጠበቅብህም ይላል፤ ግን አሁን የተውከውን ነገር በኋላ ፍርድ ቤት ብታነሳው ሊጎዳህ ይችላል ይላል፤ የምትናገረው ደግሞ ማስረጃ ይሆናል ይላል። እንግሊዞቹ ራሳቸው አይገባቸውም። እኔ መጀመሪያ ሰሞን በአንድ ትንፋሽ እተረጉመውና ሰዎች «እሺ» ይሉኝ ነበር። አሁን «በራስዎ አነጋገር መልሰው ሊነግሩኝ ይችላሉ?» ብለው እንዲጠይቁ ፖሊሶቹን እለምናለሁ። ብዙ ጊዜ ሰውየው መልሶ ሲነግረን የገባው ሌላ ነው።

አንድ ደንብ አለ፣ ከሁሉ የምወደው። ሰው በጽሑፍ ቃል ሲሰጥ አስተርጓሚው የሚጽፈው በእንግሊዝኛ አይደለም። ሰውየው በተናገረበት ቋንቋ ነው። ለንደን መሐል ፖሊስ ጣቢያ ቁጭ ብዬ በፊደላችን፣ ሰውየው እንዳለው እጽፋለሁ። «ከዚያማ» ካለ «ከዚያማ» ነው። «አመራሁ» አልልም። ከዚያ አነብለታለሁ፣ ራሱ ይፈርምበታል። እንግሊዝኛው የሚመጣው በኋላ ነው።

የሰው ጉዳይ አላወጣም፣ ምስጢር ነው። አንዲት ቃል ብቻ ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት አንዲት ሴትዮ ቃሏን ሰጥታ ጨረሰች። ስድስት ገጽ ሆነ። መሽቷል፣ ሁላችንም ደክሞናል። መርማሪው ሰዓቱን ያያል። ፊደል ስለማትቆጥር ቀስ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። በየመሐሉ ህእ ትላለች፣ ትንፋሿን እየሳበች። አራተኛው ገጽ ላይ እጇን አነሳች።

«ቆይ እህቴ። ነገረኝ ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ ነገረኝ ብዬ ነው የጻፍኩት።»

«አልነገረኝም። አዘዘኝ ነው ያልኩሽ።»

መርማሪው ምን አለች አለ። ነገርኩት። እስክሪብቶውን ሰጠኝ። «ነገረኝ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩት፣ ከላዩ «አዘዘኝ» ብዬ ጻፍኩ። አጠገቡ ምልክቷን እንድታደርግ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረግኩላት። እስክሪብቶውን ጨብጣ ብዙ ጊዜ ወስዳ አደረገችው። ከዚያ «ከመጀመሪያው ድገሚልኝ» አለችኝ። ከመጀመሪያው ደገምኩላት።